የተበሳው ሳንቲም

ራንጌል ጉሽቴሮቭ የፓሻው አትክልት በሚባለው የከተማው መናፈሻ ውስጥ፣ ከፈረሰው የሙዚቀኞች ሰገነት አጠገብ፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። የኋላ ራስ ቅሉ መሬት ላይ እንደ ወደቀ ሐብሐብ ተፈርክሷል። ዝናቡ ደሙን እያጠበ ጥቁሩን አፈር ወደ ቀይ ጭቃ ለውጦታል። በወጣትነቱ በነጻ ትግል ስፖርት ስሙ የገነነ ግዙፍ ሰው ስለነበር፣ ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ሊያገላብጡት ታግለው አቃታቸው።

«ተዉት፣ ገና ማንም እንዳይነካው» አለች ዋና ኢንስፔክተር ቶንካ ሚንቼቫ፣ የሚያማትን ጉልበቷን ደግፋ ጭቃው ላይ እየተንበረከከች። ሃምሳ ዓመት የተጠጋች፣ አጭር፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ሴት ናት። በዶልና ሬካ ከተማ «ቶንካ ስትጮህ አትፍራ፤ ዝም ካለች ግን ጠበቃ ፈልግ» ይባላል።

ከሟቹ ጎን ረጅም እጀታ ያለው የብረታ ብረት መፈለጊያ መሣሪያው ወድቋል። ማብሪያው ተዘግቷል። የጆሮ ማዳመጫው ግን ከነሽቦው ጆሮው ላይ እንዳለ ነው። ቶንካ በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንዱን ወገን ቀስ ብላ ገለጠችው።

«ጌሾ፣ እስቲ ጎንበስ በልና እይ። ደሙ የት ነው?»

ሳጅን ጌሾ ጎንበስ አለ። «ከማዳመጫው ሥር ነው። ጸጉሩ ላይ ረግቷል።»

«ከላዩስ?»

«ከላዩ ጠብታ እንኳ የለበትም፤ ዝናብ በማይደርስበት ስንጥቁ ውስጥም።»

«በል ይህን እንዳትረሳው።»

ሳጅኑ ነገሩ አልገባውም፤ እሷም አላብራራችለትም። አራት ሆነው ሲያገላብጡት የቀኝ እጁ ታየ። ሁለቱ ጣቶቹ ወደ ኋላ ተቀንጥሰዋል። የፖሊሱ ሐኪም እጁን ይዞ ትንሽ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ከሞተ በኋላ ነው የተሰበሩት። አጥብቆ የጨበጠውን ነገር አንድ ሰው በግድ ፈልቅቆ ወስዶበታል።»

መዳፉ ላይ ክብ ነገር ማኅተም የተመታበት ይመስል ቆዳውን ሰርጉዶታል። ክቡ ጠርዙ ላይ የቀዳዳ ምልክት አለው፤ ከቀዳዳው ጀምሮ ጉንዳን የሄደበት መንገድ የመሰለ ቀጭን የሰንሰለት ፈለግ ወደ አንጓው ይወርዳል።

«ሳንቲም!» አለ ጌሾ። «ሰውዬውን ለሳንቲም ነው የፈነከቱት!»

ቶንካ ግን ዓይኗ የሟቹ ጉልበት ላይ ነበር። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ቢጫ ሸክላ ለብሷል። ሬሳው የተጋደመበት አፈር እንደ ከሰል የጠቆረ ነው።

የፓሻው አትክልት ከቱርክ ዘመን ጀምሮ የከተማው ሰው ሲዝናናበት፣ ሲጣላበት፣ ሲታረቅበት የኖረ ቦታ ነው። የሮማ ዘብ፣ የቱርክ ነጋዴ፣ የንጉሡ ዘመን ወታደር ሁሉ ከኪሱ የወደቀውን ሣሩ ውስጥ ትቶ አልፏል። ማዘጋጃ ቤቱ ፓርኩን ለማደስ ዙሪያውን በቆርቆሮ አጥሮ፣ አሮጌውን የሲሚንቶ መጨፈሪያ ሜዳ ሰብሮ አነሣና፣ አዲሱ ድንጋይ ሳይነጠፍ በፊት የሳንቲም ፈላጊዎች ማኅበር እንዲፈትሸው ፈቀደ። የማኅበሩ አባላት ድሮ ብዙ ነበሩ፤ ግማሾቹ ሞቱ፣ ግማሾቹ ጀርመን ገቡ። የቀሩት አራት ናቸው። የዚያን ዕለት በዝናቡ ምክንያት የግንባታው ሠራተኞችም ፍለጋውን የሚቆጣጠረው የሙዚየም ሰውም ቀርተዋል። የበሩን ቁልፍ የያዙት አራቱ ብቻ ሲሆኑ፣ ከአራቱ አንዱ አሁን ሬሳ ሆኖ ተጋድሟል።

ሬሳውን ያገኘችው ሚስቱ ዲምካ ናት። የበግ ጨጓራ ሾርባ በድስት ይዛለት መጥታ፣ በሩን ከአራቱ አንዱ የሆነው የራንጌል የወንድም ልጅ ጋንቾ ከፍቶላት ገባች። አሁን አግዳሚ ወንበር ላይ ድስቱን አቅፋ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም። ከግራ ዓይኗ ሥር የመታት እጅ ሰንበር ወደ ቢጫነት መለወጥ ጀምሯል።

ቶንካ ከጎኗ ተቀመጠች። «እትዬ ዲምካ፣ ፊትዎን ማን መታዎት?»

«ማን ይመስልሻል? እሱ ነዋ። ያለ እኔ ማንን ይመታል? ሾርባው ቀዘቀዘ ብሎ ነው።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እርስዎ ነዎት የገደሉት?»

«ብገድለው ኖሮ ዛሬ ሾርባውን እንዲህ አሙቄ አመጣለት ነበር?» ድስቱን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ስሚኝ ልጄ፣ ስንት ጊዜ ሞቱን ተመኝቻለሁ። ዛሬ ግን አልተመኘሁም። ዛሬ ረፋዱ ላይ ደወለልኝ። እያለቀሰ። ራንጌል ሲያለቅስ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።»

«ምን አለዎት?»

«‹ዲምካ፣ አሁን ለስታሜን ምን ብዬ እነግረዋለሁ?› አለኝ። ‹ምኑን ነው የምትነግረው?› ስለው፣ ‹ቆይ፣ መጀመሪያ አንድ ሰው ልጠይቅ› ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።»

«ከአትክልተኛው ከስታሜን ጋር ይነጋገራሉ እንዴ?»

«በጡጫ ነዋ የሚነጋገሩት! የዛሬ ሳምንት መሸታ ቤት ውስጥ በወንበር ተደባድበዋል። ስታሜን ‹በገዛ አካፋህ ነው ጭንቅላትህን የምከፍለው› ሲለው አገር ሰምቷል።»

ይህን ተናግራ ሳትጨርስ ከአሮጌው የፕላታን ዛፍ ጀርባ ጩኸት ተነሣ። ጋንቾ አካፋ አንሥቶ ወደ ስታሜን ጎጆ እየሮጠ ነበር። ከማኅበሩ አራት አባላት አንዱ የሆነው ስታሜን ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የፓርኩ አትክልተኛ ነበረና የድሮ ዕቃ ቤቱን እስከ አሁን አልለቀቀም። ቶንካ ስትደርስ ጋንቾ የጎጆውን በር በአካፋው ሁለት ቦታ ሰንጥቆታል።

«ውጣ አንተ ሽማግሌ! አጎቴን የገደልክ ውሻ፣ ውጣ!»

በሩ ተከፈተ። ስታሜን ኮጁሃሮቭ በአንድ እጁ የራኪያ አረቄ ጠርሙስ፣ በሌላው የአትክልት መቀስ ይዞ ብቅ አለ። የላይ ጥርሶቹ የሉም፤ ከብዙ ዓመት በፊት የራንጌል ጡጫ ነው ያወጣቸው።

«ና ግባ፣ የራንጌል ቡችላ! አጎትህ ተኝቶ ብቻውን ይበርደዋል፣ ልላክህ!»

ጋንቾ አካፋውን አነሣ። ቶንካ በሁለቱ መሐል ገብታ ቆመች። አካፋው ከጆሮዋ አጠገብ ለጥቂት ሳይነካት አልፎ የበሩን መቃን ቀረጠፈው። እሷ ወደ ኋላ አላለችም።

«አንዴ ሳትክ» አለችው በዝግታ። «ሁለተኛ ብትስት ግን ወንጀለኛ ፈልጌ አልደክምም፤ አንተን ይዤ እሄዳለሁ።»

ጌሾ ከኋላ መጥቶ ጋንቾን አንገቱን አንቆ ጭቃው ላይ ጣለው። ልጁ ከንፈሩ ተሰንጥቆ ያበጠ ነው፤ የዛሬ ቁስል አይደለም።

«እሱንስ ማን መታህ?» አለች ቶንካ።

«አጎቴ ነው። ለምን መልሰህ ተናገርከኝ ብሎ።» ጭቃውን ተፋ። «ቢመታኝም አሳዳጊዬ ነው። እኔ ጠዋቱን ሙሉ በር ላይ ቆሜ ሳጨስ ነበር፤ ከእትዬ ዲምካ በቀር የገባም የወጣም የለም። ያው እኔ፣ ሊቀ መንበራችን ሉቤንና ስታሜን ብቻ ነን። ታዲያ ከዚህ ሽማግሌ ሌላ ማን ይሆናል?»

ቶንካ በስልኳ ያነሣችውን የመዳፉን ፎቶ አሳየችው። «ይህ ሳንቲም ስንት ያወጣል?»

ጋንቾ አፍጥጦ አየና ሳቅ አመለጠው። «የተበሳ ነው እኮ! ሰንሰለት ያስገቡበት። ለተበሳ ሳንቲምማ ዶሮ አይታረድም፣ ሰው ቀርቶ። ሳንቲም ሰብሳቢ በእጁ አይነካውም።»

ወደ ጎጆው ስትገባ ስታሜን ጠርሙሱን አስቀምጦ ተቀምጧል። አባቷን ሚንቾን ያውቀው ስለነበር «አንቺ» ነው የሚላት።

«የሚንቾ ልጅ፣ ገደልኩት ብዬ ብነግርሽ ለእኔም ደስታዬ ነበር። ግን ቀደሙኝ።»

«ጋሼ ስታሜን፣ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ፏፏቴው ዘንድ ስፈልግ ነበር። ዝናቡ ሲበረታ ገብቼ ጠጣሁ። ያየኝ የለም፤ እኔም ማንንም አላየሁ።»

«ከራንጌል ጋር ይህን ያህል ያጣላችሁ ምንድን ነው?»

ሰውዬው በመቀሱ ጫፍ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። ከግድግዳው ላይ አንድ የወጣት ፎቶ ያያቸዋል፤ ጸጉሩ የተንጨባረረ፣ ዓይኑ የሚስቅ።

«ልጄ ፕላሜን ነው። ራንጌል የክርስትና አባቱ ነበር። መጀመሪያ የብረት መፈለጊያ መሣሪያ አያያዝ ያስተማረውም እሱ ነው፤ ይወደው ነበር፣ ግን በእጁ ነው የሚወደው። አንድ ቀን ሰው ፊት በጥፊ አጋየው። በሳምንቱ ልጄ ደህና ሁን እንኳ ሳይለኝ ስፔን ሄደ። ይኸው ሃያ ዓመት አለፈ። አልጻፈም፣ አልደወለም። እናቱ በሩን እያየች ሞተች። እኔም ለልጄ ያለኝ እርግማን ብቻ ሆነ።»

«ስፔን መሄዱን በምን አወቁ?»

«ሉቤን ነግሮኝ! ያኔ ወደ ስፔን፣ ወደ ቫሌንሲያ የሚሄድ አውቶቡስ ሾፌር ነበር። ‹ራሴ ነኝ ያደረስኩት፣ ለአባቴ አትንገር ብሎኝ ነበር፣ ግን አንጀቴ አልቻለም› ብሎ እንባውን እያፈሰሰ ነገረኝ። ደግ ሰው ነው።»

ሉቤን ቻካሎቭ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነው። ቶንካ ያገኘችው ድንኳኑ ሥር መሣሪያውን በጨርቅ ሲወለውል ነበር። የዝናብ ካፖርቱ ንጹሕ፣ ጢሙ የተከረከመ፣ አንደበቱ ቅቤ የሆነ ሽማግሌ ነው። ገና ሳትጠይቀው ሻይ ቀዳላት።

«ምን ዓይነት ሞት ነው ኢንስፔክተር! እኔ እዚያ ጥጉ ላይ ነበርኩ። እንደሚያውቁት ማዳመጫ ካደረግሁ መድፍ ቢተኮስ አልሰማም። ራንጌልም ሳይሰማ ነው ከኋላው የመጡበት፣ ምስኪን።»

«ይህ መሣሪያ ሁሉንም ብረት ያገኛል?»

«እንደ አስተካከሉት ነው። ይህ አትክልት ምስማር ነው ያበቀለው፤ ስለዚህ እኔ ተራ ብረት እንዳይሰማ ዘግቼ ነው የምሠራው። ብርና መዳብ ብቻ ሲሆን ይዘፍንልኛል። እነ ስታሜን ምስማር ሲቆፍሩ ይውላሉ፣ እኔ ሳንቲም እለቅማለሁ።» ፈገግ አለ።

ቶንካ ፎቶውን አሳየችው። ሉቤን መነጽሩን አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየ።

«ይሄ ሀብት ነው። የሮማ ብር ሳይሆን አይቀርም። ለእንዲህ ያለው ሳንቲም ሰው ሰው ይገድላል።»

ቶንካ ሻይዋን ጠጥታ አመሰገነችው።

በማግሥቱ ጠዋት ዝናቡ አባራ። የተገደለበት አካፋ አልተገኘም ነበርና ፖሊሶች ተሰልፈው ሣሩን ሲያስሱ ሉቤን መሣሪያውን ይዞ መጣ። «ለራንጌል የመጨረሻ ውለታዬ ይሁን» አለ። ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ማዳመጫውን ነቅሎ በስታሜን ጎጆ ዙሪያ ይመላለስ ጀመር። ከጎጆው ጀርባ የረገፈ ቅጠል ተከምሯል። ሉቤን እዚያ ደርሶ ቆመ።

«እዚህ! እዚህ አንድ ነገር አለ!»

ጌሾ ቅጠሉን ገለጠው። የራንጌል አጭር አካፋ ነበረች። ምላጯ ላይ ደምና ሽበት ተጣብቋል። ጋንቾ ከቆርቆሮው አጥር ማዶ እንደ ቆሰለ በሬ አገሳ። ስታሜን ከጎጆው ወጥቶ አካፋዋን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ አፉ ተከፍቶ ቀረ።

«የኔ አይደለም። እኔ አላስቀመጥኳትም። የሚንቾ ልጅ፣ በአባትሽ አጥንት!»

«እጅዎን ይስጡ» አለ ጌሾ ካቴናውን አውጥቶ። ቶንካ በዓይኗ ፈቀደችለት። አጥሩ ውጭ የተሰበሰበው ሰው ድንጋይ ማንሣት ጀምሮ ነበርና፣ ለስታሜን በዚያ ሰዓት ከእስር ቤት የሚሻል ቦታ አልነበረም። ወደ መኪናው ሲያስገቡት አንዱ የወረወረው ድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው።

ግርግሩ ሲበርድ ቶንካ ኪሷን ዳበሰች። «አቶ ሉቤን፣ የካቴናዬ ቁልፍ እዚህ ሣር ውስጥ ወደቀብኝ። እንደ ያዙት መሣሪያዎን ያዙሩልኝ።»

«በደስታ!» ሉቤን ሣሩን ሁለቴ፣ ሦስቴ አዳረሰው። መሣሪያው አንድ ጊዜ ጮኸ፤ አሮጌ የመዳብ ሽቦ ነበር። ቶንካ ጎንበስ ብላ እግሩ ሥር ካለው ሣር ቁልፏን በእጇ አነሣች።

«እዚህ ላይ ሲያልፍ ዝም አለ እኮ።»

«ብረት ነዋ ኢንስፔክተር! ነግሬዎታለሁ፣ ዘግቼዋለሁ» አለ እየሳቀ።

ቶንካም ሳቀች። ከዚያ በኋላ ግን ዝም አለች፤ ጌሾም ዝምታዋን ሲያይ ደነገጠ።

ቀኑን ፓርኩን በእግሯ ስትዞር ዋለች። ከሰገነቱ ጀምሮ እስከ አጥሩ አፈሩ ጥቁር ነው። ቢጫ ሸክላ ያገኘችው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ሲሚንቶው በተነሣበት በመጨፈሪያው ሜዳ ላይ። መሐሉ አካባቢ ተቆፍሮ ተመልሶ የተሞላ፣ በእግር የተረገጠ ትንሽ ጉድጓድ ነበር። ማዘጋጃ ቤት ደውላ ሲሚንቶው መቼ እንደ ፈሰሰ ጠየቀች። መልሱን ሰምታ ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ሐኪሙን ጠራች፣ የሙዚየሙንም ሰው ጠራች፣ ድንኳን አስተክላ ቁፋሮ አስጀመረች። ወደ ማምሻው የሉቤንን ቤት የመፈተሽ ፈቃድ ከዳኛ ተቀበለች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሁሉንም መጨፈሪያው ሜዳ ላይ ሰበሰበቻቸው። ዲምካ ጥቁር ሻሽ አስራ ቆማለች። ጋንቾ ክንዱን አጣጥፎ ስታሜን ላይ አፍጥጧል። ስታሜን ግንባሩ በፋሻ ታስሮ በሁለት ፖሊሶች መሐል ነው። ሉቤን ካፖርቱን ቆልፎ መሣሪያውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎታል። ከኋላቸው ድንኳኑ ተጋርዷል።

«በማዳመጫው እንጀምር» አለች ቶንካ። «ራንጌል ማዳመጫ አድርጎ ሳይሰማ ከኋላው የመጡበት መስሎን ነበር። ነገር ግን ደሙ ከማዳመጫው ሥር ነው፣ ላዩ ንጹሕ ነው። መሣሪያውም ተዘግቷል። ስለዚህ ሲመታ ማዳመጫ አላደረገም፤ ከሰው ጋር ሲነጋገር ነበር። ገዳዩ ነው ኋላ ያጠለቀለት፣ ጠላቱ አድፍጦ የመጣበት እንዲመስል።»

«ያው ስታሜን ነዋ!» አለ ጋንቾ።

«ራንጌል በዕድሜው ሙሉ ተፋላሚ ነበር። ከአንድ ሳምንት በፊት ‹ጭንቅላትህን እከፍላለሁ› ላለው ሰው ጀርባውን የሚሰጥ ይመስልሃል? ከንፈርህን እሱ ለሰነጠቀብህ ለአንተስ? ጀርባውን የሰጠው ለማይፈራው ሰው ነው።»

ጋንቾ ያበጠ ከንፈሩን ዳበሰ።

«ሁለተኛው ሳንቲሙ ነው። የተበሳ ነበር። ጋንቾ ገና ሲያየው ዶሮ አይታረድለትም አለኝ። ከእናንተ ሁሉ በላይ ሳንቲም የሚያውቁት አቶ ሉቤን ግን ያንኑ ፎቶ አይተው ‹ሀብት ነው› አሉኝ። ለምን? ለሀብት የተገደለ እንዲመስለኝ ነዋ። ዋጋ የሌለውን ሳንቲም የሞተ ሰው ጣት ሰብሮ የሚወስድ ሰው፣ የሚፈልገው ዋጋውን አይደለም፤ ሳንቲሙ የማን እንደ ሆነ እንዳይታወቅ ነው።»

«መነጽሬ አሮጌ ነው፤ ቀዳዳውን አላየሁትም» አለ ሉቤን በለሰለሰ ድምፅ። «በዚህ ሰው ይወነጀላል?»

«አይወነጀልም። ወደ አካፋው እንምጣ።» ለጌሾ ምልክት ሰጠችው፤ ሳጅኑ አካፋዋን ከላስቲኩ አውጥቶ መሬት ላይ አጋደማት። «መሣሪያዎን ያብሩና በላይዋ ያሳልፉልኝ። ምንም ሳይነኩ፣ እንዳለ።»

ሉቤን አልተንቀሳቀሰም።

«ጌሾ፣ አንተ አሳልፈው።»

ጌሾ መሣሪያውን ተቀብሎ በአካፋዋ ላይ አመላለሰው። ዝም አለ። ቶንካ ከኪሷ አንድ የብር ሳንቲም አውጥታ ጣለች፤ መሣሪያው እንደ ዋሽንት አፏጨ።

«አካፋዋ ብረት ናት። ይህ መሣሪያ ብረት አይሰማም። ታዲያ ቅጠል ሥር የተቀበረችውን አካፋ በምን ሰሙት?»

«ለዚያ ፍለጋ ብዬ ከፍቼው ነበር! ዛሬ ነው የዘጋሁት!»

«አካፋዋን ካገኙ ወዲያው፣ መሣሪያውን ምንም ሳያስተካክሉ፣ የካቴናዬ ቁልፍ ላይ ሦስት ጊዜ አለፉ። ዝም አለ። ‹ብረት ነዋ፣ ዘግቼዋለሁ› ብለው በገዛ አፍዎ ነገሩኝ። ማዳመጫውንም ነቅለው ነበር፤ አካፋዋ ጋ ሲደርሱ ግን የጮኹት እርስዎ እንጂ መሣሪያው አይደለም። አካፋዋን መሣሪያው አላገኛትም፤ ያስቀመጣት ሰው ነው ያገኛት።»

ጋንቾ ከስታሜን ላይ ዓይኑን አንሥቶ ቀስ ብሎ ወደ ሉቤን ዞረ።

«አራተኛው የራንጌል ጉልበት ነው» ቀጠለች ቶንካ፤ ድምፅዋ ይበልጥ ዝቅ አለ። «ከሞተበት ጥቁር አፈር ላይ ቢጫ ሸክላ ለብሶ ተገኘ። ተንበርክኮ የነበረው እዚህ፣ የቆማችሁበት ሜዳ ላይ ነው። ከዚህ ነው ሳንቲሙን ያወጣው። አይቶ አወቀው። አልቅሶ ለሚስቱ ደወለ። ‹ለስታሜን ምን ብዬ እነግረዋለሁ? መጀመሪያ አንድ ሰው ልጠይቅ› አላት። ሊጠይቀው የሄደው ሰው፣ የሳንቲሙን ባለቤት ስፔን አድርሼዋለሁ ያለውን ሰው ነው።»

ስታሜን ራሱን ቀና አደረገ። «ምን አልሽ?»

ቶንካ ከኪሷ ትንሽ የላስቲክ ከረጢት አወጣች። የጠቆረ የብር ሳንቲም ከተበጠሰ ሰንሰለት ጋር ውስጡ አለ። «ትናንት ማታ አቶ ሉቤን ቤት፣ የተበሱና የተጣመሙ ሳንቲሞች በሚያጠራቅሙበት ጣሳ ውስጥ አገኘነው። ዕድሜውን ሙሉ ሳንቲም ከመሬት ሲያወጣ የኖረ ሰው፣ አንዱን መልሶ ወንዝ ውስጥ ለመጣል እጁ እሺ አላለውም። እትዬ ዲምካ፣ ያውቁታል?»

ዲምካ ቀርባ ከረጢቱን ገልብጣ አየች። «ራንጌል ነው የበሳው። ለክርስትናው። ጀርባው ላይ ‹ፕ› ብሎ በምስማር ጫረበት... የፕላሜን ነው።»

ማንም ሳይይዘው ስታሜን ከፖሊሶቹ መሐል ወጣ። የሽማግሌ ፍጥነት አልነበረም፤ ከገደል እንደ ተፈነቀለ ድንጋይ ነው የሄደው። በካቴና የታሰሩትን ሁለት ቡጢዎቹን አጣምሮ ሉቤንን አፉ ላይ መታው። ጥርስ ሲሰበር ተሰማ። ሉቤን ወደቀ፤ ስታሜን ከላዩ ሆኖ የካቴናውን ሰንሰለት አንገቱ ላይ አስገባ።

«የት ነው? ልጄ የት ነው? ተናገር!»

ጌሾ ሊገባ ሲል ቶንካ ክንዱን ያዘችው፤ አንድ ትንፋሽ ያህል ብቻ። ከዚያ ለቀቀችው። ጌሾ፣ ፖሊሶቹ፣ ጋንቾም ጭምር ተባብረው አላቀቁት። ሉቤን በደም የተሞላ አፉን ይዞ ያቃስት ነበር። የቅቤው አንደበት ጠፍቷል።

«ማሰሮ ሙሉ የብር ሳንቲም ነበር» አለ። «እኔና ፕላሜን ነን የቆፈርነው። እንካፈልና ዝም እንበል አልኩት። እሱ ግን ‹አባቴን ልጥራው፣ ይየው› አለ። ዞረ። እኔ... እንዲያው ዞሮ ሲሄድ ነው የመታሁት።»

«ራንጌልስ?» አለች ቶንካ።

«እሱም ያንኑ አለኝ። ሳንቲሙን ፊቴ ላይ ይዞ አንቀጠቀጠው። ‹በገደልኩህ ነበር፣ ግን አንተ የኔ አይደለህም፣ የስታሜን ነህ› አለኝ። ‹ስታሜን!› ብሎ ሊጣራ ዞረ። አካፋው አጠገቤ ነበር።»

ዲምካ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅስ ጀመር። ጋንቾ መሬት መሬት ያያል። ሉቤንን አንሥተው ሲወስዱት ማንም ወደ እሱ አልተመለከተም።

ቶንካ የስታሜንን ካቴና በራሷ እጅ ፈታችው። የድንኳኑን መጋረጃ ገለጥ አደረገችና መንገዱን ለቀቀችለት። ሽማግሌው ገባ። ሐኪሙ ነጭ ጨርቅ ላይ የደረደራቸውን አጥንቶች፣ ከኋላ የተሰነጠቀውን የራስ ቅል፣ የበሰበሰውን የጫማ ተረከዝ ቆሞ አየ። አልጮኸም። ቀስ ብሎ ተንበረከከና ቢጫውን ሸክላ በመዳፉ ዳበሰው፤ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።

«የሚንቾ ልጅ» አለ ቀና ሳይል።

«አቤት ጋሼ ስታሜን።»

«ሲሚንቶው ሊፈስ ሲል፣ ልጄ በሄደ ሰሞን ነው፤ አለቃዬ መሬቱን ደልድል ብሎ አዘዘኝ። እየረገምኩት ነበር የምሠራው። ‹አባትህን ጥለህ የሄድክ፣ የረገጥከው መሬት ይክበድህ› እያልኩ። እዚህ ላይ አፈሩ ልስልስ ብሎ ሰረጎደብኝና በከባዱ መዳመጫ ሁለቴ ሄድኩበት።» ከሸክላው አንድ እፍኝ ዘገነ። «እኔ ነኝ መቃብሩን የዳመጥኩት። በገዛ እጄ።»

ቶንካ ወደ ድንኳኑ ገባች። የሚያማትን ጉልበቷን አጥፋ ከጎኑ ተንበረከከች፤ ሽማግሌው እስኪነሣ ድረስም አልተነሣችም።